በጥቂት ጨረር ልብን ስለ ማየት
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ያሰሙት ንግግር)



በዛሬው የበዓል ቀን ስለ ልብና ስለ ጨረር እንናገራለን ብለን ስንነሣ፤ «እነዚህ ልጆች ለአርብ ገበያ የማይመለከት ነገር አመጡብን» የሚል ሰው አይጠፋ ይሆናል። ስለ እርሻ ወይም ስለ መንገድ ብንናገር ለእኛም ይቀልልን ነበር። ይሁን እንጂ ርእሱን ያስመረጠን ከመካከላችን የአንዱን ልጅ አባት የገጠማቸው ነገር ስለ ሆነ፤ አስቀድመን እርሱን እንነግራችኋለን።

እኒህ አባት ገበሬ ናቸው። ዓርብ ዓርብ ከቆላው እህል በአህያ ጭነው ዳገቱን ወጥተው ወደ ገበያችን ይመጣሉ። ባለፈው ዓመት ታዲያ ዳገቱን ሲወጡ ደረታቸውን ጭምቅ የሚያደርግ ሕመም ይይዛቸው ጀመር፤ ቆም ሲሉ ይተዋቸዋል፤ ሲራመዱ ይመለስባቸዋል። መጀመሪያ ብርድ ነው ተባለና ፌጦ ጠጡ። ቀጥሎ ጤና ጣቢያ ሄዱ፤ ከጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታል ተላኩ፤ ከሆስፒታሉም፤ «ልብዎን የሚመግቡት የደም ሥሮች ጠብበው እንደ ሆነ በሲቲ ስካን ይታዩ» ተብለው ወደ ሩቅ ከተማ ተጻፈላቸው። ለመንገዱና ለምርመራው አንድ በሬ ተሸጠ። በሬ መሸጥ ምን ማለት እንደ ሆነ ለዚህ ጉባኤ መንገር አያስፈልገንም።

ከመነሣታቸው በፊት በቤታቸው ብዙ ክርክር ነበር። አንዳንዱ ዘመድ፤ «ጨረር ከበሽታው የባሰ ነው፤ ደም ያደርቃል፤ ይቅርብዎ» አለ። ሌላው ደግሞ፤ «ራጅ ካልተነሡ አይድኑም» አለ፤ ራጁ ራሱ መድኃኒት የሆነ ይመስል። ልጃቸው በሁለቱ መካከል ቆሞ የሚመልሰው አጣ። እኛም የክፍል ጓደኞቹ ብንጠየቅ ኖሮ የምንመልሰው አልነበረንም።

ከተማው ደርሰው በመሣሪያው አልጋ ላይ በተጋደሙ ጊዜ የሆነው ነገር ይህ ነው። ባለሙያው መርፌውን ከክንዳቸው ላይ ተክሎ፤ «ሲነገርዎ ትንፋሽዎን ይያዙ» ብሎ በችኮላ ነገራቸውና ወጥቶ ከመስተዋቱ ወዲያ ቆመ። አልጋው መንቀሳቀስ ሲጀምር ከመሣሪያው ውስጥ ሰው የሌለው ድምፅ ተናገረ። የተናገረውም በእንግሊዝኛ ነበር። እኒህ አባት እንደ ጨዋ ሰው፤ ሲጠሩ ዝም ማለትን ነውር አድርገው ስለሚቈጥሩት፤ «አቤት!» አሉ፤ ቀና ብለውም የጠራቸውን ሰው ፈለጉ። ያን ጊዜ መሣሪያው ዙሩን ጨርሶ ነበር። ሥዕሉ እንደ ተነካካ ውሃ ደብዝዞ ወጣ፤ የደም ሥሮቹም ሁለት ሁለት ሆነው ታዩ። ስለዚህ በማግሥቱ ሁለተኛ ተነሡ፤ ሁለተኛ ጨረር ተቀበሉ፤ ማቅለሚያውንም ሁለተኛ ተወጉ፤ ሁለተኛ አዳርም ከፈሉ።

ይህን የነገርናችሁ ያን ሐኪም ቤት ለመውቀስ አይደለም፤ ስሙንም አናነሣም። ነገር ግን ጓደኛችን ተመልሶ ታሪኩን ሲያጫውተን መጀመሪያ ሁላችንም ሳቅን፤ ሳቁ ካለቀ በኋላ ግን «ስንት ጨረር አገኛቸው? ይጐዳቸዋልን? በጥቂት ጨረር ማየትስ አይቻልም ነበርን?» የሚል ጥያቄ ከመካከላችን ተነሣ። የፊዚክስ መምህራችን ያልመለሱልንን ከመጻሕፍትና ከኢንተርኔት ስንፈልግ ከረምን። ያገኘነውን እነሆ።

ጨረሩ የተገኘበት ዓመት ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የሚረሳ ዓመት አይደለም። ቪልሄልም ሮንትገን የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ በዓይን የማይታየውን ጨረር ያገኘው ጥቅምት 29 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። ከአራት ወር በኋላ፤ የካቲት 23 ቀን፤ የዓድዋ ጦርነት ሆነ። ከዓድዋ ቈስለው ወደ አገራቸው ከተመለሱት የኢጣልያ ወታደሮች መካከል ሁለቱ በዚያው ዓመት በናፖሊ የጦር ሆስፒታል በዚህ በአዲሱ ጨረር ታዩ፤ ጁዜፔ አልቫሮ የተባለ የጦር ሐኪምም በክንዳቸው ውስጥ የቀረውን ጥይት በጨረር ፈለገ። በታሪክ እንደ ተጻፈው፤ ራጅ ለጦር ቍስለኛ ሲያገለግል ይህ የመጀመሪያው ነው። እንግዲህ ራጅ በጦር ቍስለኛ ላይ በመጀመሪያ የፈለገው ጥይት አባቶቻችን የተኰሱት ጥይት ነበረ ማለት ነው። ይህን ባነበብን ጊዜ በክፍላችን ታላቅ ጩኸት ሆነና መምህራችን በሩን ዘጉት።

በዚያ ዘመን ጨረሩ እንደሚጐዳ የሚያውቅ አልነበረም። የኤዲሰን ረዳት የነበረው ክላረንስ ዳሊ እጁን በየጊዜው በጨረሩ ፊት እያስቀመጠ ሲሠራ ቈይቶ እጆቹ ቈሰሉ፤ ተቈረጡ፤ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1904 ዓ.ም. ሞተ። እንደ እርሱ ላሉት ሐኪሞችና ባለሙያዎች በጀርመን አገር በሐምቡርግ ከተማ በ1936 ዓ.ም. ሐውልት ቆሞላቸዋል። ጨረርን የሚፈሩ ዘመዶቻችን እንግዲህ ከመሬት ተነሥተው አልፈሩም። የሚፈራው ግን መጠኑ ነው፤ መጠኑም ሊለካ የሚችል ነገር ነው።

ሲቲ ስካን ተራ ራጅ አይደለም። ተራው ራጅ አንድ ጥላ ብቻ ይሰጣል፤ ጐድኑ፤ ሳንባውና ልቡ አንዱ በአንዱ ላይ ተደርቦ ይታያል። በሲቲ ስካን ግን የጨረሩ ምንጭ በሰውየው ዙሪያ እየዞረ ከሁሉ አቅጣጫ ብዙ ጥላዎችን ይሰበስባል፤ ኮምፒዩተሩም እነዚያን ጥላዎች አሰላስሎ ሰውነቱ እንደ ዳቦ ተቈርጦ የታየ ያህል ሥዕል ያወጣል። የሒሳቡን መንገድ ካሳዩት አንዱ በጆሐንስበርግ የተወለደው አለን ኮርማክ ነው፤ በኬፕ ታውን ሐኪም ቤት ሲያገለግል ሳለ ነው ነገሩን ማሰብ የጀመረው። መሣሪያውን የሠራው እንግሊዛዊው ጐድፍሬይ ሐውንስፊልድ ነው፤ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1971 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሕመምተኛ ታየበት። ሁለቱ በ1979 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ።

ከአካላችን ሁሉ ለዚህ መሣሪያ የሚያስቸግረው ልብ ነው፤ ምክንያቱም ዝም ብሎ አይቆምም። ራስን ብናነሣ ራስ ይታዘዛል፤ እጅንም ብንል እንዲሁ። ልብ ግን የማንንም ትእዛዝ አይሰማም። ልብን የሚመግቡት የደም ሥሮች ደግሞ ውፍረታቸው ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ስለ ሆነ፤ ጥቂት እንቅስቃሴ ሥዕላቸውን ያበላሸዋል። የቀደሙት ባለሙያዎች ለዚህ ያገኙት ዘዴ ልብ በሚመታበት ጊዜ ሁሉ ያለማቋረጥ ጨረር መልቀቅ፤ በኋላም ከተሰበሰበው መካከል ልብ ያረፈበትን ቅጽበት መርጦ የቀረውን መጣል ነበር። የሚጣለው ሥዕል ነው፤ ጨረሩ ግን በሕመምተኛው ሰውነት አልፏል።

በፈረንጆች አቈጣጠር በ2007 ዓ.ም. በዓለም ላይ 50 የሚሆኑ የምርመራ ስፍራዎች የልብ ሲቲ ስካን እንዴት እንደሚያነሡ ሲጠና፤ መካከለኛው የጨረር መጠን 12 ሚሊሲቨርት ያህል ሆኖ ተገኘ። ሚሊሲቨርት የሚባለው በሰውነት ላይ የሚደርሰው ጨረር የሚመዘንበት ልክ ነው። ይህን ቍጥር ከሌላ ነገር ጋራ ካላነጻጸሩት ምንም አይናገርም። ማንም ሰው፤ ሐኪም ቤት ባይረግጥም እንኳ፤ ከመሬት፤ ከአየርና ከሰማይ በዓመት በአማካይ 2.4 ሚሊሲቨርት ያህል ይቀበላል፤ እንደ እኛ በደጋ የሚኖር ደግሞ ከሰማይ የሚመጣው ትንሽ ይበዛበታል። እንግዲህ ያ አንድ ምርመራ የአምስት ዓመት የተፈጥሮ ጨረር በአንድ ጊዜ እንደ መቀበል ነበር። ይህን ያህል ጨረር ሰውን በዚያው አይጥልም፤ ደምም አያደርቅም። ነገር ግን በኋለኛው ዕድሜ ካንሰር የመያዝን ዕድል በጥቂቱ ይጨምራል ተብሎ ይታሰባል፤ ይልቁንም በወጣቶችና ደጋግሞ በሚነሣ ሰው ላይ።

«ታዲያ ለምን ጨረሩን ዝቅ አያደርጉትም?» ብንል፤ ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። ጨረር እንደ ዝናብ በጠብታ የሚወርድ ነገር ነው። አቧራ ባለበት ግቢ ጥቂት ካፊያ ቢወርድ፤ አንዱ ስፍራ ይነካል፤ አንዱ ይቀራል፤ መሬቱ ዝንጕርጕር ይሆናል። ዝናቡ ሲበዛ ግን መሬቱ ሁሉ እኩል ይርሳል። የሲቲ ስካን ሥዕልም እንደዚሁ ነው፤ ጨረሩ ሲያንስ ሥዕሉ በነጠብጣብ ይሞላል። ነጠብጣቡን በግማሽ ለመቀነስ ጨረሩን አራት እጥፍ ማድረግ ያስፈልጋል። ደግሞም ጨረሩን ከልክ በላይ ቈጥቦ የማይነበብ ሥዕል ማውጣት ቍጠባ ሊባል አይገባውም፤ ሕመምተኛው ዳግመኛ ይነሣልና። በእኛ አስተያየት እንዲያውም ከሁሉ የከፋው ጨረር ሥዕል ያልወጣበት ጨረር ነው፤ ጥቂትም ቢሆን በከንቱ የወደቀ ነው።

ሊቃውንቱ ከዚህ ችግር የወጡበት መንገድ ብዙ ነው፤ ከሁሉ የወደድነውን አስቀድመን እንናገር። ልጆች ገመድ ሲዘሉ አይታችኋል። ሁለቱ ገመዱን ያዞራሉ፤ ሦስተኛዋ ዳር ቆማ ራስዋን እየነቀነቀች ትጠብቃለች፤ ገመዱ ከፍ ሲል ብቻ ዘልላ ትገባለች። መሣሪያውም አሁን እንዲሁ ያደርጋል። በሕመምተኛው ደረት ላይ የተለጠፉት የኢሲጂ ሽቦዎች የልቡን ምት ይነግሩታል፤ እርሱም ልብ ደም ለመቀበል ዘና ብሎ የሚያርፍበትን ቅጽበት ጠብቆ ያን ጊዜ ብቻ ጨረሩን ይለቃል፤ በቀረው ጊዜ ይዘጋዋል። ይህን አሠራር ከቀድሞው ጋራ ያስተያየ ጥናት የጨረሩን መጠን በ69 በመቶ እንደሚቀንሰውና የሥዕሉንም ጥራት እንደማይጐዳው አሳይቷል።

ዳሩ ግን ገመዱ በጣም ከፈጠነ መግቢያ አይገኝም። ልብ በደቂቃ 60 ጊዜ ሲመታ ለእያንዳንዱ ምት አንድ ሰከንድ ይደርሰዋል፤ 90 ሲመታ ጊዜው ያጥራል፤ ከሚያጥረውም ይልቁን የሚበዛው የዕረፍቱ ጊዜ ነው። ስለዚህ ሐኪሞቹ ከምርመራው በፊት የልብን ምት የሚያረጋጋ መድኃኒት ይሰጣሉ። የፈራ ሰው ልብ ደግሞ እንደሚፈጥን ሁላችን እናውቃለን፤ የፈተና ቀን በራሳችን ላይ አይተነዋል። በዚህ ምክንያት ሕመምተኛውን አረጋግቶ ማነጋገር ደግነት ብቻ ሳይሆን ጨረር መቀነሻም ነው።

ሁለተኛው መንገድ የጨረሩን ብርታት ለሰውየው ገላ መመጠን ነው። መሣሪያው ብዙ ጊዜ የሚሠራው በ120 ኪሎቮልት ነበር፤ ይህም ወፍራሙን ሰው ሁሉ እንዲያሳልፍ ታስቦ ነው። ወፍራም ላልሆነ ሰው ግን 100 ይበቃል፤ ሥዕሉ ሳይበላሽ ጨረሩ በ31 በመቶ መቀነሱ በጥናት ታይቷል። ለዚህ የሚረዳ አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። የደም ሥሮቹ ጐልተው እንዲታዩ በክንድ የሚወጋው ማቅለሚያ አዮዲን አለበት፤ አዮዲን ደግሞ ደካማውን ጨረር ከብርቱው ይልቅ አብልጦ ይይዛል፤ ስለዚህ ጨረሩ ሲደክም ደሙ አብልጦ ያበራል። አባቶቻችን ዳገት ሲወጡና ሲወርዱ ኖረው ከሲታ ሰዎች ናቸው። ለወፍራም ሰው የተመጠነው ብርታት ለእነርሱ የሚያስፈልግበት ምክንያት አይታየንም።

ሌሎችም አሉ። ከልብ በላይና በታች ያለውን ሳያስፈልግ አለማንሣት፤ መሣሪያው በፈጠነ መጠን ልብን በአንድ ምት ውስጥ መጨረስ፤ ኮምፒዩተሩም ሥዕሉን ደጋግሞ እያረመ ነጠብጣቡን እንዲያጠራ ማድረግ ነው። ይህ የመጨረሻው እንደ ወንፊት ያለ ነው፤ ነገር ግን ወንፊቱ በጣም ከጠበበ ፍሬውንም ከእብቁ ጋራ ያስቀራልና ሥዕሉ ለስልሶ ጥቃቅኑ ነገር እንዳይጠፋ ጥንቃቄ ያሻል።

እነዚህ ሁሉ ተደምረው ምን አመጡ? በፈረንጆች አቈጣጠር በ2017 ዓ.ም. በ32 አገሮች በ61 ሆስፒታሎች ያው ጥናት እንደ ገና ሲደረግ፤ የጨረሩ መካከለኛ መጠን ከ2007 ዓ.ም. ይልቅ በ78 በመቶ ቀንሶ ተገኘ፤ ይህም 2.7 ሚሊሲቨርት ያህል ነው። የአምስት ዓመቱ ወደ አንድ ዓመት ከጥቂት ሳምንት ወረደ ማለት ነው። ሥዕላቸው ሊነበብ ያልቻለ ሕሙማን በመጀመሪያው ጥናት ከ100 ሁለት ያህል ነበሩ፤ በሁለተኛውም እንዲሁ ሁለት ያህል ናቸው። ጨረሩ ሲወርድ ሥዕሉ ባለበት ቆየ። እኛን እጅግ ያስደነቀን ግን ሌላ ነገር ነው። በዚያው በ2017 ዓ.ም. ከሆስፒታል ወደ ሆስፒታል ያለው ልዩነት ከ30 እጥፍ የበለጠ ነበር። ዘዴው በመጽሐፍ ተጽፎ፤ መሣሪያው ቆሞ ሳለ አንዱ ይቈጥባል፤ አንዱ ያባክናል። ይህን ያህል ልዩነት ከመሣሪያው ብቻ ይመጣል ብለን አናምንም፤ አሠሪውም ድርሻ አለው።

ወደ አገራችን እንመለስ። ኢትዮጵያ የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ድርጅት በ1957 ዓ.ም. በፈረንጆች አቈጣጠር ከተቋቋመበት ዓመት ጀምሮ አባል ናት፤ በ1986 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቍጥር 79ም ጨረርን የሚቈጣጠር ባለሥልጣን ተቋቁሟል፤ ሥራው ከዚያ ወዲህ በሌሎች አዋጆች ተሻሽሎ ቀጥሏል። ሕግ አለ። ሆኖም ሕጉ በመሣሪያው ክፍል ውስጥ ገብቶ ለገበሬው «አሁን ይተንፍሱ» አይልለትም።

ደግሞም ልቡን የታመመ ሁሉ ሲቲ ስካን ያሻዋል ማለት እንዳይመስላችሁ። በአገራችን በልጆችና በወጣቶች ላይ የሚበዛው የልብ በሽታ ሳይታከም ከቀረ የጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ የልብን ቫልቮች የሚያበላሸው ነው። ይህን የሚያሳየው በድምፅ ሞገድ የሚሠራው ኢኮ ነው፤ ኢኮ ደግሞ ምንም ጨረር የለበትም። ዶክተር በላይ አበጋዝ በመሠረቱት፤ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ በሚገኘው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል የሚረዱት ሕፃናት ብዙዎቹ በዚህ በሽታ የተጐዱ ናቸው። ጕሮሮውን የታመመ ታናሽ ወንድም ወይም እኅት ያላችሁ፤ ልጁን ዛሬውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ ፌጦውን ለሌላ ቀን አቈዩት።

ሲቲ ስካን የታዘዘለት ሰው ግን ከጨረር ፍርሃት የተነሣ እንዳይቀር አደራ እንላለን። ያልታየ የደም ሥር ጥበት ከ3 ሚሊሲቨርት እጅግ የበለጠ አደጋ አለው። ከመሄዱ በፊት ሊያደርገው የሚችለውን እንንገረው። ቀድሞ የተነሣው ፊልም ወይም ሲዲ ካለ ይዞ ይሂድ፤ ያንኑ ነገር ዳግመኛ እንዳያነሡት። የፀነሰች ሴት ሳትጠየቅ ትናገር። ሐኪሙንም «ይህ በኢኮ አይታይምን?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ከሁሉ በላይ ትንፋሽ መያዝን እዚሁ በቤቱ ይለማመድ። የሚፈለገው ከ5 እስከ 15 ሰከንድ ያህል ብቻ ነው፤ አየር ሳብ አድርጎ፤ ሳይንቀሳቀስ፤ አፉን ገጥሞ። ዳገት የሚወጣ ሰው ይህን አያቅተውም፤ የሚያስቸግረው መቼ እንደሚይዝና መቼ እንደሚለቅ አለማወቁ ነው።

ስለ ድምፁም ጠይቀን ተረድተናል። በብዙዎቹ መሣሪያዎች ላይ የሚናገረውን ድምፅ ባለሙያው ራሱ በፈለገው ቋንቋ ሊቀርጸው ይችላል። «አየር ይሳቡ፤ ይያዙ፤ ይተንፍሱ» ለማለት የሚፈጀው ከአንድ ደቂቃ በታች ነው፤ ገንዘብም አይጠይቅም። ከመካከላችን በሚመጣው ዓመት ወደ ሕክምና ትምህርት ለመግባት የሚያስቡ አሉ፤ ይህን አሁኑኑ በልባቸው ይጻፉት።

የጓደኛችን አባት በሁለተኛው ቀን የሆነውን ሳንነግራችሁ ብንወርድ ቅር ይላችኋል። ባለሙያው፤ ደግ ሰው ኖሮ፤ ልጃቸውን ከመስተዋቱ ወዲያ አቁሞ ማይክሮፎኑን ሰጠው። በዋዜማው ማታ ባደሩበት ቤት አባትና ልጅ ሰዓት ይዘው ሲለማመዱ አምሽተው ነበር። «አባዬ፤ አየር ይሳቡ፤ ይያዙት፤ እንዳይነቃነቁ» አለ ልጁ። እሳቸውም የልጃቸውን ድምፅ ሲሰሙ ልባቸው ረጋ፤ አቤትም አላሉ። ሥዕሉ ጥርት ብሎ ወጣ። አንዱ የደም ሥር ጥቂት ጠብቦ ተገኘና መድኃኒት ታዘዘላቸው። አሁን ዓርብ ዓርብ ዳገቱን ይወጣሉ፤ በመካከሉ አንድ ጊዜ ብቻ ያርፋሉ፤ ዛሬም ከዚህ ጉባኤ መካከል ተቀምጠዋል።

ከዚህ ንግግር በኋላ እኛ በሳይንስ ክፍላችን በር ላይ የእጅ ሰዓት ይዘን እንቆማለን። ወደ ከተማ የሚላክ ሕመምተኛ በቤቱ ያለ ወላጅ ቢኖር ይምጣ፤ ትንፋሽ አያያዙን አብረን እንቈጥራለን። ከስማዳም ከእስቴም ለበዓሉ የመጣችሁ እንግዶቻችን፤ ለእናንተም በሩ ክፍት ነው።